ዌስ ካርቮነን ብቻውን የሄደ ጊዜ

ከዌስ ካርቮነን ጋር ከአሥር ዓመት በላይ በአንድ ጋቢና ተቀምጠናል። እሱ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ክንፉን። ክንፍ የምንለው ከበረዶ ጠራጊው መኪና ጎን ተዘርግቶ የመንገዱን ዳር የሚገፋውን ረጅም ብረት ነው። አጥር ወይም የፖስታ ሳጥን ሲመጣ ማንሳት፣ ሲያልፍ መልሶ ማውረድ፤ የእኔ ሥራ ይኸው ነው። እኛ ያለንበት በሰሜን አሜሪካ የሱፒሪየር ሐይቅ ዳር በረዶው ኅዳር ላይ ይጀምርና ሚያዝያም ገብቶ አልጠግብ ይላል። ከሚስቴ ጋር ካሳለፍኩት ሰዓት ከዌስ ጋር ያሳለፍኩት ሳይበልጥ አይቀርም። ሚስቴም ይህን ሳታነሳ ውላ አታድርም።

ዌስ ድሮም ወሬ አያበዛም ነበር። አያቶቻችን ከፊንላንድ ሲመጡ ሳውናና ዝምታ ይዘው ስለመጡ እዚህ አገር ዝም ያለ ሰው አይታማም። ግን ይስቅ ነበር። ራዲዮ ላይ ዘፈን ሲመጣ ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ እያለ አብሮ ይዘፍናል። እኔን መተረብም ይወድ ነበር። «ክላይድ፣ የወይዘሮ ሃውታላን ሳጥን ዘንድሮም ልትገጭላቸው ነው? ንገሩኝና ከወዲሁ አዲስ ልግዛ ብለዋል» ይለኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር።

እሱና ማርሊስ ልጅ አልወለዱም። ማርሊስ ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ ፈጣን፣ ቀጥ ያለች፣ የጀመረችውን የማትተው ሴት ናት። ሐኪሞቹ አይሆንም ካሏቸው በኋላ ከሩሲያ ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ አመለከቱ። አንድ መስከረም ሄደው ማክሲም የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ አዩ። ሕጉ መጀመሪያ አይታችሁት ተመለሱ፣ ፍርድ ቤቱ ሲጠራችሁ መጥታችሁ ትወስዱታላችሁ የሚል ነው። ዌስ ሲመለስ ጋቢናው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

«ደረቴ ላይ ተኛ እኮ» አለኝ። «ክላይድ፣ ዝም ብሎ መጥቶ ወጣና ተኛ። ምራቁ ሸሚዜን አራሰው። እንዳይነቃ ብዬ ክንዴ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።»

«ጥሩ ነው፣ ቁጭ ማለት ለምደሃል» አልኩት። ሳቀ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ገና ካለፈ በኋላ፣ የሐይቁን መንገድ እየጠረግን ዜናው በራዲዮ መጣ። የሩሲያ ልጆች ከእንግዲህ ለአሜሪካ ቤተሰብ አይሰጡም፤ ሕጉ ተፈርሟል። አንባቢዋ ይህን ብላ ወደ አየሩ ሁኔታ አለፈች። ዌስ እጁን ዘርግቶ ራዲዮውን አጠፋው። መንገዱን አልለቀቀም፣ ፍጥነቱን አልቀየረም። እኔ እሱን እሱን እያየሁ ክንፉን ማንሳት ረሳሁና የአንድ ሰው ሳጥን ከነምሰሶው ይዤው ሄድኩ። ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ፋሲካ ሲስቅብኝ ይከርም ነበር። ያን ቀን ዘወር ብሎም አላየ።

ለጥቂት ወራት የተጀመረው ይጨረስላችኋል የሚል ተስፋ ይወራ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ እሱም ቀረ። ማርሊስ አለቀሰች፣ ጮኸች፣ ለሚመለከተው ሁሉ ደወለች። ዌስ ግን አላለቀሰም። ራሱ የሠራትን ትንሽ አልጋ ፈታትቶ ከጋራዡ ጣሪያ ሥር ሰቀላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰውዬ የለም። መኪና ይነዳል፣ ይበላል፣ ደህና አደርክ ሲሉት ደህና ይላል። ቢቀልዱበት አይቆጣም፣ ቢያመሰግኑትም ያው ነው። ራዲዮውም እንደተዘጋ ቀረ።

እንደገና እንሞክር ያለችው ማርሊስ ናት። በዚህኛው ጊዜ ቡልጋሪያ። ዌስ እሺ አለ። ፈርም ሲባል ይፈርማል፣ ደም ስጥ ሲባል ክንዱን ይዘረጋል። ከጉዲፈቻ ድርጅቱ ቤታቸውን ልታይ የመጣችው ሴት ምን እንደሚሰማው ብትጠይቀው «ጥሩ» አላት፤ ማርሊስ እየሳቀች «ፊንላንዳዊ ነው፣ ይህ ለእሱ ንግግር ነው» ብላ አለፈችው። መስከረም ላይ ሄደው ራሊፃ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አይተው ተመለሱ። እዚያም ሕጉ ሁለት ጊዜ መሄድን ይጠይቃል። ዌስን እንዴት ናት ብለው «ደህና ናት» አለኝ። ይህን ብቻ። ሊያመጧት የካቲት ላይ ቀን ተቆረጠ።

መሄጃቸው ሲቃረብ ማርሊስ ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰባብሮ በብሎን ነው የታሰረው። ሐኪሙ አውሮፕላን የሚባል ነገር እንዳታስቢ አላት።

ሚስቴ በሥጋና በድንች የተሞላ ሊጥ ጋግራ ስትልከኝ ማርሊስ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣለች። ወለሉ ላይ ሻንጣ ተከፍቷል። ዌስ ከሻንጣው አጠገብ ተንበርክኮ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«ቀኑን ማራዘም ይቻላል ብለዋል» አለችኝ ማርሊስ፣ ሳልጠይቃት። «እኔ ግን አላራዝምም። አንድ ጊዜ ቆይተን አይተነዋል። የሚያስፈልገው ውክልና ብቻ ነው፣ እሱንም ጽፌያለሁ። ዌስ፣ ሰማያዊው ሹራብ ከታች ይሁን።»

ዌስ ሰማያዊውን ሹራብ ከታች አደረገ።

«ብቻህን ትሄዳለህ ማለት ነው?» አልኩት።

«እንደዚያ ነው የሚመስለው» አለ።

«ቋንቋውን አጥናልኝ ስለው ይኸው እንደዚህ ነው» አለች ማርሊስ። «ዌስ፣ ርቦሻል በላት እስቲ።»

«ግላድና ሊ ሲ» አለ ዌስ፣ የመኪና ሰሌዳ እንደሚያነብ።

«በፈገግታ!»

ደገመው። ፈገግታው አልመጣም። ማርሊስ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ይበቃል፣ ይሆናል» አለች። «አሁን የሚቀረን ፀጉሯ ነው። ፎቶው ላይ አይተኸዋል፣ እስከ ወገቧ ነው። ጠዋት ጠዋት ማን ሊሠራላት ነው? እኔ ከዚህ ሆኜ? ሹሩባ መጎንጎን ተማር።»

በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ዌስ ከመኪናችን መጎተቻ ላይ ቢጫ ገመድ በሦስት ሰንጥቆ አስሮ እየጎነጎነ ነው። አርቮ የሚባል ሽማግሌ መካኒክ አለን፤ ጡረታ ውጣ ቢሉት እምቢ ያለ። ጽዋውን ይዞ መጥቶ ቆመና ብዙ አየ።

«ምንድን ነው እሱ? ለዓሣ ነው?»

«ሹሩባ ነው» አለ ዌስ።

«ለማን?»

«ለልጅቷ።»

«ልጅቷ ገመድ ናት እንዴ?»

«ዝም በል አንተ ሽማግሌ፣ አታሳስተው» አለ ዱዌን። ዱዌን የሌላኛው መኪና ሾፌር ነው፤ የሴት ልጆች አባት ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ራሱን እንደ ሊቅ ይቆጥራል። ጓንቱን አውልቆ ተጠጋ። «አይ ዌስ፣ አይ! እያነቅከው እኮ ነው። እንደዚህ ከጠበቀ ልጅቷ ዓይኗን መጨፈን ያቅታታል። ላላ አድርግ። የግራውን በመሐለኛው ላይ፣ ከዚያ የቀኙን። እንደ ሰው ፀጉር አስበው፣ መኪና አትጎትትበትም።»

«ጫፉ ላይስ ምን ይደረጋል?» አለ አርቮ፣ ሳያስበው ገብቶበት።

«ላስቲክ።»

«የፓምፕ ላስቲክ አለኝ፣ ላምጣ?»

«ሂድ ወደዚያ!»

አለቃችን ከቢሮው ሲወጣ አንድ ገመድ ከበን ስንጨቃጨቅ አገኘን። «መኪናውን ልትጠግኑት ነው ወይስ ልትድሩት?» አለ። ሁላችንም ፈነዳን። ዌስ ብቻ አልሳቀም። እንዳልሰማ ጎንበስ ብሎ ሲጎነጉን ቆየ። ሲጨርስ ሹሩባው ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ምንም እንከን የማይወጣለት ነበር። ፈታውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሊሄድ ሲል በነበረው የመጨረሻ ሥራ ቀናችን በረዶው ቀለል ብሎ ነበር። የደቡቡን መንገድ ይዘን እየሄድን ነው።

«ክላይድ» አለ።

«አቤት።»

«ምንም አይሰማኝም።»

«እግርህ ነው? ማሞቂያውን ልጨምረው?»

«እግሬ አይደለም።»

ማሞቂያው ላይ የነበረውን እጄን መለስኩ።

«መስከረም ላይ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያየኋት» አለ። «ማርሊስና እሷ ወለሉ ላይ ይጫወታሉ። ቆንጆ ልጅ ናት። አውቶቡስ ላይ የሰው ልጅ ታይ የለ? ቆንጆ ናት ትላለህ፣ ከዚያ ፌርማታህ ሲደርስ ትወርዳለህ። እንደሱ ነው ያየኋት። አልነካኋትም።»

«ማርሊስ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ምን አለችህ?»

«አንተ ብቻ አምጣት አለችኝ።» ማርሹን ቀየረ። «ብሄድና እዚያም ምንም ባይሰማኝስ? ልጆች ያውቃሉ ይባላል።»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለእኔ አይቀርብም። እኔ የማውቀው ምሰሶና ሳጥን ነው።

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?» አልኩት።

«እሄዳለሁ ብያለኋ።»

«ርቦሻል የምትለውን አጥንተሃታል አይደል?»

«አጥንቻለሁ።»

«በቃ እሷን ጠይቃት።»

«ከዚያስ?»

«አዎ ካለችህ አብላት። እምቢ ካለችህ ደግሞ ቆይተህ ጠይቃት። እንግዲህ እኔ ምን ልበልህ?»

የፊት መስታወቱን ጠርጎ ነዳ። ከዚያ «ክንፍህን አንሳ» አለኝ። የወይዘሮ ሃውታላ ሳጥን ደርሶ ኖሯል።

እዚያ የሆነውን ከተመለሰ በኋላ ቆርሶ ቆርሶ ነው የነገረኝ፤ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ።

ከዋና ከተማዋ ከሶፊያ ከአስተርጓሚዋ ጋር በመኪና ብዙ ተጉዘው ከሕፃናት ማሳደጊያው ሲደርሱ ራሊፃን አምጥተው ፊቱ አቆሟት። ፀጉሯ የለም። ቤቱ ውስጥ ቅማል ገብቶ የልጆቹን ሁሉ ጭንቅላት ላጭተውታል። ማርሊስ በየቀለሙ የሸከፈችው ሪባን ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ አላወጣውም። የሚለው ሲጠፋበት ያጠናትን ነገር አላት። ልጅቷ ተመለከተችውና ለአስተርጓሚዋ አንድ ነገር ተናገረች። አስተርጓሚዋ ሳቋ አመለጣት።

«ምን አለች?» አለ ዌስ።

«አፉ ውስጥ ድንች አለ ወይ አለች።»

«የለም በያት። ርቧት እንደሆነም ጠይቂልኝ።»

ርቧት ነበር። ከመንገዱ ማዶ አይብ የተጠቀለለበት ዳቦ ገዛላት፤ ቆማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሁሉንም በላች። የቀረውን ፍርፋሪ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ማሳደጊያውን ስትለቅ የሚንከባከቧት ሴቶች ሳሟት፣ አለቀሱላትም። እሷ አላለቀሰችም። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ራሷ አሰረች፤ ዞር ብላም አላየች።

«ያን ጊዜ ነው የገባኝ» አለኝ ዌስ። «እሷም ምንም አልተሰማትም። ክላይድ፣ እንደኔው ናት። ስለዚህ ተውኳት። አላባበልኳት፣ ፈገግ በይ አላልኳት። አውሮፕላኑ ውስጥ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቁ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀመጥን። ቺካጎ ሊያርፍ ሲል ፊቷ ነጣ። ከረጢቱን ስፈልግ ጊዜ አጣሁ፣ እጄን ዘረጋሁላት። እጄ ላይ አስመለሰች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታጠብኩ።»

ትንሹ አየር ማረፊያችን ልንቀበላቸው ሄደን ነበር። ማርሊስ በክራንች ተደግፋ ከበሩ ቆማለች፤ ስታለቅስ አፍንጫዋን የምትጠርግበት እጅ አጥታ ሚስቴ ጠረገችላት። ራሊፃ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መጣች። ማርሊስን አወቀቻት፤ ግን መጀመሪያ የነካችው ክራንቹን ነው። ገፋ አድርጋ አየችው፣ ልሞክረው ወይ እንደሚል ሰው። ማርሊስ ሰጠቻትና በአንድ እግሯ ቆመች። ዌስ ሻንጣዎቹን አወረደ፣ ወደ እኔ መጣ፤ «ነገ ምን ያህል ይጥላል ተባለ?» አለኝ።

በማግስቱ ሥራ ገባ። እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። ያ ሁሉ ተሂዶ ሰውየው ያው ነው። ገንፎ ያበስላል፣ ቦት ጫማ ያስራል፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ይወስዳል፣ ከተላጨው ራስ ላይ ቡቃያ መሰል ፀጉር ሲወጣ በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሽላታል። ማርሊስ ለሚስቴ «ሥራው አንድ አይጎድልም፣ ብቻ ሰውየው ቤት ውስጥ የለም» አለቻት። ሚስቴ ደግሞ ለእኔ ነገረችኝ፤ ምን አድርግ ብላ እንደሆነ አላውቅም። ራሊፃም ብትሆን የምትቀረብ ልጅ አልነበረችም። አልቅሳ አታውቅም፣ ስትወድቅ ብድግ ትላለች። እንግሊዝኛውን ቶሎ ያዘችው። ዌስን በስሙ ነበር የምትጠራው።

የሚቀጥለው ዓመት በረዶ መጣ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዋናውን መንገድ ጠርገን በትምህርት ቤቱ ፊት ስናልፍ፣ ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ግቢውን ሞልተውታል። ዌስ ፍሬን ያዘ። መኪናውን ከመንገዱ መሐል አቆመው፤ ቢጫው መብራት እየዞረ፣ የፊቱ መጥረጊያ ብረት እንደወረደ። ተበላሸ ብዬ ወደ እሱ ስዞር በሩ ተከፍቷል፣ ዌስ የለም።

አጥሩን ከፍቶ በልጆቹ መሐል ሲሄድ አየሁት። ራሊፃ ከሌሎቹ ጋር የበረዶ ግንብ ትገነባለች፤ እጇ ባዶ ነው፣ ከሩቅ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ዌስ እሷን አልፎ ወደ አስተማሪዋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ እሰማው ነበር።

«ጓንቷ የታለ? ስንት ዲግሪ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዓይንሽ አያይም? ይህን ሁሉ ልጅ የሚጠብቅ ሰው እንዴት የአንዲት ልጅ እጅ ማየት ያቅተዋል!»

የዌስን ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ሁሉ ቆሙ። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ ኋላ ተራመደችና፣ «ጌታዬ፣ ጓንቷ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ልበሺ ብላት እምቢ አለች» አለችው።

ዌስ ወደ ራሊፃ ዞረ። ራሊፃ ጓንቱን ከኪሷ አወጣች፣ አሳየችው፣ መልሳ ከተተችው።

«በጓንት በረዶው አይጣበቅም» አለች።

«ልበሺው።»

«አልለብስም!»

«ራሊፃ፣ ልበሺው አልኩ!»

«አባባ፣ ሂድ በቃ፣ ሁሉም ሰው እያየን ነው!»

አባባ ያለችው ከልቧ ይሁን እንዲሄድላት ብቻ፣ እንጃ። ዌስ ግን ተንበርክኮ፣ እየታገለች፣ ጓንቱን አንድ በአንድ አጠለቀላት። ዞር ከማለቱ አውልቃ ጣለችው።

ተመልሶ ወደ ጋቢናው ወጣ። ተቀመጠ። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ያያቸዋል።

«ተናደድኩ እኮ» አለ።

«እሱማ እስከ ሐይቁ ማዶ ተሰምቷል።»

«ጮህኩባት?»

«በደንብ ነዋ። አስተማሪዋን ልታስለቅሳት ነበር።»

«ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ።»

«አዎ፣ ትጠይቃለህ። አሁን ግን ከኋላችን አገር ምድሩ ቆሟል።»

ክላክሱ ይጮሃል። ዌስ አልነዳም። ትንፋሹ እንደ ሯጭ ነው፤ ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ግቢው ላይ ነው። «አሞኛል መሰለኝ፣ እዚህ ጋ» ብሎ ደረቱን ያዘ። ደነገጥኩ፤ ሐኪም ቤት ልውሰድህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ማርሹን አስገባ። መንገዱን ጨረስን።

አስተማሪዋን በማግስቱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ማርሊስ በሄል ቀምማ የጋገረችውን ዳቦ ይዞ። ጸደይ ሲገባ የመንገድ ምልክት ወደሚሠራበት ክፍል አዛውሩኝ ብሎ አመለከተ። እዚያ ከሰዓት ቀደም ብለው ስለሚወጡ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲደርስ እሱ ቤት ይሆናል። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። እኔ ቅር ቢለኝም አልተናገርኩም፤ አሁን አብሮኝ የሚነዳው ከማርኬት ከተማ የመጣ ሰውዬ ነው፣ አፉ አያርፍም፣ ስለ አማቱ ሲነግረኝ ምሳ ይደርሳል።

ዌስ ድሮ ወደነበረው ሰውዬ ተመለሰ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዘፈኑ አልተመለሰም። አንዳንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ሲያዩት ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙን ጠርተው እስኪደግሙለት አይሰማም። ማርሊስም እሱን እንደዚያው ይዛዋለች።

ባለፈው ሳምንት ዓሣ መሸጫው ውስጥ አገኘኋቸው። ራሊፃ ቁመቷ ትከሻው ደርሷል። የተጠበሰውን ነጭ ዓሣ እንግዛ ትላለች፣ እሱ ጥሬውን ገዝተን ራሳችን እንጥበስ ይላል።

«ያንተ ሁልጊዜ ጨው ይበዛዋል» አለችው።

«አንቺ ነሽ ጨው የምትጨምሪው።»

«ጣዕም ስለሌለው ነዋ!»

«ታዲያ በዝቶ ነው ወይስ ጎድሎ?»

ሻጩ ቢላውን ይዞ አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ እሱ ያያል። የሚያልቅ ክርክር ስላልመሰለኝ የእኔን አስጠቅልዬ ወጣሁ።